ውኃ የማይጠጣ ጌጥ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ተረቱ ስለ ወለጋ የተነገረ ባይሆንም ወለጋን ሳይነካ አያልፍም። ዴዴሳና አንገር ወደ ዓባይ የሚገሰግሱት በዚሁ ምድር ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ነቀምቴም የዝናብ ድሃ አይደለችም። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ውኃ የሚወርደው በአንድ ረጅም የዝናብ ወራት ተጠቃልሎ ነው። ጥቅምት ካለፈ በኋላ ሰማዩ ይከደናል፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ኦሮሞው «ቦና» የሚለው ደረቅ በጋ ነው።

ከነቀምቴ ሰፈሮች አንዱ ቡርቃ ጃቶ ይባላል። «ቡርቃ» በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። ሰፈሩን በምንጭ ስም የጠራ ሕዝብ የውኃን ዋጋ የሚያውቅ ሕዝብ መሆኑ አያጠራጥርም። እንዲህም ሆኖ በበጋ በዚህ ሰፈር መንገድ ላይ የሚታየው ሌላው አገር ሁሉ የሚያየው ነው፤ ቢጫ ጄሪካን፣ ጄሪካኑን የተሸከመች ሴት፣ አንዳንዴም ጄሪካን የጫነ ጋሪ። በመስከረም አረንጓዴና ቢጫ ለብሶ የነበረው ደጅ ታኅሣሥ ላይ ይገረጣል። ሣሩ ገለባ ይሆናል፤ ጽጌረዳው አንገቱን ይደፋል። የጓሮ ጎመንና ጤና አዳም ዕቃ በታጠበበት እጣቢ እየተደገፉ ይሰነብታሉ።

ችግሩ እንግዳ የሚበዛውም በዚሁ ወራት መሆኑ ነው። አዝመራ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሠርግ የሚደገሰው በጥር ነው። ገናና ጥምቀትም በዚሁ መካከል ይውላሉ። የቤቱ ደጅ ብዙ ሰው በሚረግጠው ጊዜ ደጁ ባዶ ነው። ታዲያ ባለቤቲቱ ደጇን በምን ታሳምር?

በነቀምቴና ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ በሚዘልቀው መንገድ፣ በጊምቢና በነጆ፣ በአንዳንድ ግቢዎች ያየሁት መልስ ይህን ጽሑፍ አስነሳኝ። የሚያሳምሩት ውኃ በማይጠጣ ነገር ነው። አፉ የተሸረፈ ጋን በድንጋይ ላይ ተቀምጦ እሬት ተተክሎበታል። የእህል ወፍጮ ድንጋይ የደጃፍ መርገጫ ሆኗል። አሮጌ ሙቀጫ ተገልብጦ በርጩማ ሆኗል። ከሣርና ከሐረግ የተሠራ የንብ ቀፎ ንብ ሳይኖርበት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ለላይ ተመልካች ይህ የድህነት ብልሃት ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን አንድ መቶ ዓመት ያህል የሚሸፍን የሥራ ታሪክ ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

የጭቃ ወር

ጭቃ የክረምት ነገር ይመስለናል። የእጅ ጥበብ ጭቃ ግን የበጋ ነው። አዝመራው ተወቅቶ ጭድ ሲገኝ፣ መሬቱ ሲደርቅና ጉልበት ሲያርፍ አዲስ ቤት ይመረጋል፤ አሮጌው ይለሰናል። ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፤ ቀናት ሰንብቶ ሲብላላ በእጅ ይለጠፋል። የመጨረሻው ልስን እበትና አመድ ይገባበታል። ይህን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ የሴት መዳፍ ነው። መዳፉ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ የሚተወው የጣት ሞገድ፣ በነጭና በቀይ አፈር የሚሰመረው ጥለት፣ በበሩ ዙሪያ የሚደረገው መቀነት የቤቱ የመጀመሪያ ሥዕል ነው። ይህን ሥዕል የሚችለው በጋ ብቻ ነው፤ በክረምት እርጥብ ልስን በአንድ ሌሊት ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል።

ሸክላውም እንደዚሁ ነው። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ቆፍራ፣ ፈጭታ፣ ነፍታና አቡክታ ትቀርጸዋለች። ከዚያ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ሲደርቅ በገላጣ ሜዳ በእንጨት፣ በሣርና በኩበት እሳት ይተኮሳል። ዝናብ ከመጣ እሳቱም ሸክላውም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ የሸክላ ገበያ የሚደምቀው በደረቁ ወራት ነው።

እንግዲህ ደረቁን ወራት በገጠር ጥበብ ማስጌጥ ዛሬ ከተሜው ያመጣው ፋሽን አይደለም ማለት ነው። ገጠሩ በጋን ያስጌጠው ከጥንት ጀምሮ ነው። ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው። ድሮ በበጋ የሚሠራው ዕቃ ክረምቱን ሙሉ ሊሠራበት የታቀደ ነበር፤ ዛሬ በግቢ የሚቀመጠው ግን ሥራውን የጨረሰ ዕቃ ነው። ከሥራ የተሰናበተ ነው። ማን አሰናበተው የሚለው ጥያቄ ደግሞ የታሪክ ጥያቄ ነው።

የስንብት ደብዳቤዎች

ከወፍጮው እንጀምር። የድንጋይ ወፍጮና መጅ ከሰው ልጅ አሮጌ መሣሪያዎች መካከል ናቸው። በአክሱም የአርኪዮሎጂ ቁፋሮዎችም የወፍጮ ድንጋዮች ተገኝተዋል። እንግዲህ ከአክሱም ዘመን አስቀድሞ ጀምሮ እስከ ቅርቡ ዘመን ድረስ የአገራችን እንጀራ ያለፈው በእነዚህ ሁለት ድንጋዮች መካከል ነው። ድንጋዩ ሲለሰልስ እህል ስለማይዝ በየጊዜው ይወቀራል። ሲወቀርና ሲፈጭበት እየጎደጎደ ሄዶ መካከሉ እንደ ገበታ ይሰረጉዳል። በግቢ ውስጥ የተቀመጠ ወፍጮ ባያችሁ ጊዜ የጉድጓዱን ጥልቀት ተመልከቱ። ያ ጥልቀት የዓመታት ቁጥር ነው።

በነቀምቴ አንዲት እናት ደጅ ላይ እንዲህ ያለ ወፍጮ አየሁ። ዙሪያው ተጠርጎ፣ በትናንሽ ነጭ ድንጋዮች ተከብቦ ነበር።

«አዴ፣ ይህን ለምን እዚህ አኖሩት? ለጌጥ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ እሱ ድንጋይ መሰለህ? ወገቤ እኮ ነው» አሉኝ። «ወገቤን እዚያ ላይ ጥዬ ነው የተነሣሁት። ሌላ ቦታ ብጥለው ደስ አይለኝም።»

በቤተ መጻሕፍት ብዙ ብፈልግ ከዚህ የተሻለ ትንታኔ የማገኝ አይመስለኝም። ወፍጮውን ያሰናበተው የሞተር ወፍጮ ነው። ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥቶ ለቤተሰብ የሚበቃ ዱቄት ማውጣት የብዙ ሰዓት ጎንበስ ቀና ነበር። ሞተሩ ይህን ወደ ጥቂት ደቂቃ አወረደው። እኚህ እናት ለሞተሩ ምስጋና አላቸው፤ ድንጋዩን ያስቀመጡት የድሮው ዘመን ናፍቆት ይዟቸው አይደለም። በእሳቸው ደጅ ያለው ጌጥ የድካም መታሰቢያ ነው።

እንስራውን ያሰናበተው ጄሪካን ነው። የዚህ ዕቃ ታሪክ ከነቀምቴ እጅግ ሩቅ ይጀምራል። የጀርመን ጦር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነዳጅ መያዣ የብረት ዕቃ አሠራ። እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ ነበርና ዕቃውን «የጄሪ ጣሳ» አሉት። ብረቱ ወደ ፕላስቲክ ተለውጦ፣ ነዳጁ በውኃና በዘይት ተተክቶ፣ ስሙም «ጄሪካን» ሆኖ እኛ ዘንድ ደረሰ። አይሰበርም፤ ቀላል ነው፤ ርካሽ ነው። እንስራ ግን ባዶውን እንኳ ይከብዳል፤ አንዴ ከተንሸራተተ ደግሞ አለቀለት። ለተሸካሚዋ ጄሪካን መልካም ነው። በእንስራው ውስጥ የሚቀዘቅዘውን ውኃ ግን ጄሪካኑ አልሰጠም፤ ሸክላ ውኃ የሚያቀዘቅዘው በገላው ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያላበ በመሆኑ ነው።

ቀፎውን ያሰናበተው ሣጥን ነው። ወለጋ የማር አገር ነው። ነባሩ ቀፎ ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ተጠልፎ፣ በእበት ተመርጎና በሣር ተጠቅልሎ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ማር ለመቁረጥ ሌሊት ዛፍ መውጣት፣ ማጨስና መነደፍ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ ፍሬሞቹ የሚወጡና የሚገቡበት የሣጥን ቀፎ በስሙ አስመዘገበ። የዚያ ሣጥን ዘሮች ዛሬ በወለጋ ገጠሮችም አሉ። ነባሩ ቀፎ ጨርሶ አልተሰናበተም፤ በዱሩ አሁንም ንብ ያስገባል። በከተማ ግቢ የተንጠለጠለው ግን የሠሪውን የጣት ሥራ ለማሳየት ብቻ የቀረ ነው።

ሙቀጫው፣ በርጩማው፣ ገበታው አብዛኛውን ጊዜ ከዋንዛ የተጠረቡ ናቸው። ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፤ ሲያረጅ ቀለሙ ይጠቁራል፤ ቅቤ ሲነካው ያበራል። ደግሞ አስተውሉ፤ «በርጩማ» የሚለው ቃል አማርኛም ኦሮምኛም ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ መቀመጫ ላይ ተቀምጠዋል።

እንዲህ እያልን ብንቀጥል እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የስንብት ደብዳቤ አለው። ስለዚህ በበጋ ባዶ ደጅ ላይ ተሰብስበው የቆሙት ዕቃዎች በቅደም ተከተል ለሚያነባቸው ሰው የአንድ ቤተሰብ የታሪክ መጽሐፍ ናቸው።

ከኩምሳ ግቢ እስከ ሙዚየሙ ግቢ

የነቀምቴ ግቢ ታሪክ የተራ ሰው ብቻ አይደለም። ከተማዋ የለቃ ነቀምቴ ገዢዎች መቀመጫ ነበረች። የበከሬ ጎዳና ልጅ ሞረዳ በ1874 ዓ.ም. ከተካሄደው የእምባቦ ጦርነት በኋላ ለንጉሥ ምኒልክ በሰላም ገብሮ የግዛቱን የውስጥ አስተዳደር ይዞ ቆየ። ልጁ ኩምሳ ሞረዳ ክርስትና ሲነሣ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ በደጃዝማችነትም ገዛ። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው የሚያልፍበት ገበያ ባለቤት ነበሩና የቤተሰቡ ግቢ የሀብትና የሥልጣን ማሳያ ሆነ። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም በነቀምቴ አለ። ከአብዮቱ በኋላ ደርግ ከቤተሰቡ እጅ አወጣው፤ ኋላ ግን በቅርስነት የሚታወቅ ስፍራ ሆነ። የአንድ ቤተሰብ ግቢ የሕዝብ ግቢ የሆነበት መንገድ ይህ ነው።

ሌላው ታላቅ ግቢ የወለጋ ሙዚየም ነው። በውስጡ የወለጋ ኦሮሞ የእርሻና የቤት ዕቃዎች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የስፌትና የእንጨት ሥራዎች ይታያሉ። በመስኮት ውስጥ ያሉትን ስመለከት ያሰብሁት አንድ ነገር ነው። በሰፈር ግቢ የሚታዩት ዕቃዎች ታናናሽ ወንድሞቻቸው ናቸው። ልዩነቱ ሙዚየሙ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስም የሚሰጥ መሆኑ ነው። ይህን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው በሙዚየሙ ስፍራ የጣሊያን የጦር አውሮፕላን ቅሪት አለ፤ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ተጋድሎ ጋር ስሙ ይነሣል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ከነቀምቴ አቅራቢያ በቦናያ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ ሰዎች ሌሊት ከብበው አቃጠሏቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮና ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ እዚያው ሞቱ። ቦምብ ሊጥል የመጣ ብረት ዛሬ ልጆች እየዞሩ የሚያዩት ቁስ ሆኗል። እንግዲህ ከሥራ የሚሰናበተው ወፍጮና እንስራ ብቻ አይደለም። ጦርነትም ሲሰናበት ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ምነው ሁሉም ጦርነት እንዲህ ደጅ ላይ በቀረ ያሰኛል።

ሠሪዋ ወዴት አለች?

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልግባ። በግቢዎቹ ውስጥ ጋኑን ላደነቀ ሰው «ማን ሠራው?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው ስም የለውም። ይህ የመርሳት ነገር ብቻ አይደለም። በአገራችን ብዙ ክፍሎች ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው የተናቁ ነበሩ። በወለጋም ቀጥቃጩ «ቱምቱ»፣ ፋቂው «ፋቂ» ተብለው ከሌላው ጋር በጋብቻ ሳይቀላቀሉ፣ ብዙ ጊዜም ከመሬት ባለቤትነት ርቀው ኖረዋል። ሸክላ ሠሪዎቹም ከዚህ አላመለጡም። ሰው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ይወስዳል፤ ቀጥቃጩን ግን ከማዕዱ አያቀርበውም። ወጡን በሸክላዋ ድስት ይሠራል፤ ሸክላ ሠሪዋን ግን ዓይኗን ይፈራል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ በራሱ ስድቡ ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበር ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ሕጉ ተለዋውጧል፤ ሁሉም ዜጋ እኩል መሆኑ ተጽፏል። ዳሩ ግን ዕቃው ከሠሪው ቀድሞ ነጻ የወጣ ይመስለኛል። ጋኑ ከማጀት ወጥቶ የሳሎንና የሆቴል ጌጥ ሆኗል፤ በጥሩ ዋጋም ይሸጣል። ሸክላ ሠሪዋ ግን ዛሬም በገበያ ዳር፣ በፀሐይ ላይ፣ ከሁሉ ርቃ የምትቀመጥበት ቦታ ጥቂት አይደለም።

ግቢያችንን በገጠር ጥበብ ስናስጌጥ የምንከፍለው ዕዳ እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን ወድዶ ሠሪውን መናቅ ጌጥ አይሆንም። የተሸረፈ ጋን ከመፈለግ ይልቅ አንድ አዲስ ጋን ከሠሪዋ እጅ መግዛት፣ ስሟን መጠየቅ፣ አፈሩን ከየት እንዳመጣች መስማት ይሻላል። ጋኑም እንዳልሞተ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ውኃ በሌለበት ግቢ ማስዋብ የእኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ሪዮአን-ጂ በሚባል ገዳም አንድ ዝነኛ ደረቅ የአትክልት ቦታ አለ። አትክልት ይባል እንጂ ያለው ነጭ ጠጠርና 15 ድንጋዮች ናቸው፤ አረንጓዴው በድንጋዮቹ ግርጌ ያለ ሽበት ብቻ ነው። ጠጠሩ በመስገጃ እየተሰመረ የውኃ ሞገድ ይመስላል። ከየትኛውም አቅጣጫ ቢያዩት ቢያንስ አንዱ ድንጋይ ይደበቃል። መነኮሳቱ ውኃን ያለ ውኃ ሠሩት።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ኔክ ቻንድ ነው። ይህ ሰው ሕንድና ፓኪስታን በ1947 እ.ኤ.አ. ሲለያዩ ከተወለደበት ቀዬ ተፈናቅሎ ወደ ቻንዲጋር የመጣ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። ቻንዲጋር ሌ ኮርቡዚዬ በተባለ አርክቴክት እየተሠራች ያለች አዲስ ከተማ ነበረች፤ ለእርሷ ሲባል የፈረሱ መንደሮች ፍርስራሽ በየቦታው ተከምሮ ነበር። ኔክ ቻንድ ከሥራ በኋላ በብስክሌቱ የተሰበረ ሸክላ፣ የእጅ አምባር ስብርባሪና ድንጋይ እየለቀመ ከከተማው ዳር ባለ ጫካ ውስጥ ዓመታት ሙሉ በስውር ሰዎችንና እንስሳትን ሠራ። ባለሥልጣናት ሲደርሱበት ሊያፈርሱት ይችሉ ነበር፤ ግን አላፈረሱትም። በ1976 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ። የተፈናቀለ ሰው ከፈረሱ መንደሮች ስብርባሪ አዲስ መንደር ሠራ ማለት ነው።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። በአዲስ አበባ መካኒሳ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም የሠዓሊው የኤልያስ ስሜና የመስከረም አሰግድ ሥራ ነው። ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ የተመረጉ ሲሆኑ፣ በጭቃው ላይ የተቀረጸው ሞገድና ጥለት ባለ ሙያ እጅ ሲደርስበት ምርጊት ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ኤልያስ ስሜ ከተጣለ ቁልፍና ከአሮጌ ኮምፒውተር ሽቦ በሚሠራው ሥራ በዓለም የታወቀ ሰው ነው። በነቀምቴ ግድግዳ የምትለስን እናት ይህን ግቢ ብታይ የማታውቀው ቋንቋ አይሆንባትም።

ጌጥ የማይሆን ነገር

ይሁን እንጂ ያረጀ ነገር ሁሉ ለደጅ አይደለም። ለዚህ ኮንሶዎች የከፈሉትን ዋጋ ማስታወስ ያሻል። የኮንሶ ዋካ ለሞተ ጀግና በመቃብሩ ላይ የሚቆም ከእንጨት የተጠረበ ምስል ነው። ይህን ሐውልት ሌቦች ከመቃብር እየነቀሉ ለጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢዎች ሸጡት። የአንድ ሰው አባት የሌላ ሰው ሳሎን ጌጥ ሆነ። ከስርቆት የተረፉትንና የተመለሱትን ለመጠበቅ በኮንሶ ሙዚየም ማቋቋም አስፈለገ። የኮንሶ ባሕላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ብዙ ዋካዎች ከቦታቸው ጠፍተው ነበር።

በወለጋም የሚከበሩ ነገሮች አሉ። ሲንቄ ሴት ስትዳር የምትቀበለው በትር ነው፤ የመብቷና የክብሯ ምልክት ነው፤ ጠብ ሲነሣ ሴቶች ይዘውት ወጥተው መካከል ይቆማሉ። ይህ በትር ከግድግዳ ላይ ለመንጠልጠል የተሠራ አይደለም። ለእምነትና ለሥርዓት የሚያገለግል ማንኛውም ዕቃም እንደዚሁ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በሕግ ያልተጻፈው ድንበር ግን በእኛው ልቡና ነው ያለው። ሚዛኑ ቀላል ነው። ዕቃው ሥራውን ጨርሶ በባለቤቱ ፈቃድ ወደ ደጅ ከወጣ ጌጥ ነው። ሥራውን ሳይጨርስ ከተወሰደ ግን ዘረፋ ነው።

ምስጥና ፀሐይ

ማስጌጥ ለሚሻ አንባቢ ጥቂት ነገር ልጨምር። ምዕራብ ወለጋ፣ በተለይ ነጆና መንዲ አካባቢ፣ በምስጥ የታወቀ ነው። እንጨት አፈር ላይ በቀጥታ የተቀመጠ እንደሆነ ምስጡ ከሥር ይገባና ሙቀጫው ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከሥሩ ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ አሮጌ ጉልቻ ለዚህ ይበቃል። የበጋ ፀሐይም ዋንዛን ይሰነጥቃል፤ ጥላ ውስጥ ማኖርና አልፎ አልፎ ቅባት መቀባት ይጠብቀዋል። ሸክላ ክረምቱን ከነውኃው ደጅ ላይ ከቆመ ይፈራርሳል፤ ወይ ከሥሩ መብሳት ወይ ግንቦት ሳይወጣ ማስገባት ነው። ከጎኑ የሚተከለውም የበጋ ወዳጅ ይሁን፤ እሬትና ቁልቋል ውኃ ሳይጠይቁ ይቆማሉ። ኮርችም ግቢው ሰፊ ለሆነ ሰው ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ቀይ አበባ ያወጣል።

እነዚህ ከባድ ዕቃዎች ሌላ ጠባይም አላቸው። ከባለቤታቸው ጋር አይሰደዱም። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ከአንዱም ወገን ከሌላውም ነው፤ ቋንቋው ቢለያይም የተወው ወፍጮ አንድ ዓይነት ነው። የሚሸሽ ሰው ልጁን ያዝላል፤ በአንድ እጁ ጄሪካን ይይዛል። ወፍጮውን፣ ጋኑንና ሙቀጫውን ግን ትቶ ይሄዳል። ባለቤቱ በሌለበት ደጅ የቀረ ወፍጮ ጌጥ አይባልም፤ አቤቱታ ነው። የሰው ግቢ ያማረ የሚሆነው ባለቤቱ በሰላም ሲቀመጥበት ነው። ይህን የማይጠብቅ አገር ስለ ቅርስ ቢያወራ ዋጋ የለውም።

ስም እንጻፍ

ቀደም ሲል ሙዚየሙ ለዕቃው ስም ይሰጣል ብዬ ነበር። ቡርቃ ጃቶ ባለችበት በዚችው ነቀምቴ ታሪክ ውስጥ ለዚህ የሚሆን አርአያ አለ። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ከአገሯ በባርነት የተወሰደችና ኋላ ነጻ የወጣች ሴት ነበረች። በምፅዋ አቅራቢያ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ጣቢያ ሳለች ከአፍ የሰማችውን የኦሮሞ ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ወደ 500 የሚደርስ በእጇ ጻፈች። ከዚህ አንዱ ክፍል ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 ታተመ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው ማስተማር ጀመሩ። አስቴር ቃሉን ያዳነችው ቀለምና ወረቀት ብቻ ይዛ ነው።

ዛሬ ዕቃው አለ፤ ስሙ ግን እየጠፋ ነው። ነቀምቴ የሚያድግ ወጣት መጅን ከወፍጮ፣ እንስራን ከገንቦ፣ ሞፈርን ከድግር ላይለይ ይችላል፤ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ። እንግዲህ በዚህ በጋ ግቢውን የሚያስጌጥ ሰው አንድ ደብተር ይጨምርበት። ዕቃው ምን ይባላል? ማን ሠራው? ማን ሠራበት? መቼ ሥራ አቆመ? በምን ተተካ? አራት አምስት መስመር ይበቃል። እናቶች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ ከእነርሱ በኋላ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራልና። ክረምት ሲገባ ሣሩ ራሱ ይመለሳል፤ ለሣሩ ማንም አይጨነቅ። ስሙ ግን በዝናብ አይበቅልም።